በረዶና የቤት ክዳን በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ አገርና ከእርሱ ወዲያ የተዘረጋው ተራራማው አምባሰል በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው በብዙ ነገር ይነሣል። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አበምኔትነት የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የትምህርትና የመጻሕፍት ምንጭ ነበረ፤ የግሸን አምባ አስቀድሞ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት፣ ኋላም ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ተብሎ የሚከበር ስፍራ ሆነ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአምባሰል ውስጥ በምትገኘው በውጫሌ ስም ይጠራል፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶችም አንዱ አምባሰል ይባላል። ይሁን እንጂ የዚህ አገር ገበሬ በየዓመቱ በሥጋት አሻቅቦ የሚመለከተው ሰማዩን ነው። ከሰማይ ከሚመጣው መከራ ሁሉ ደግሞ እንደ በረዶ ድንገተኛ የሆነ የለም፤ ድርቅ ወራት ሲፈጅ፣ አንበጣ ቀናት ሲፈጅ፣ በረዶ ግን ሥራውን የሚጨርሰው ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በረዶ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ማሳው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የማሳው ጉዳት የዓመት ረኀብ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚለየው በቤት ውስጥ የተቀመጠው እህልና ዘር በመዳኑ ወይም ባለመዳኑ ነው፤ ዘሩን የሚጠብቀው ደግሞ የቤቱ ክዳን ነው። ስለዚህ የበረዶን ታሪክ ከቤት ክዳን ታሪክ ለይቶ መመርመር ነገሩን በግማሽ ማየት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ በተለይም የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ የቀረውንና የተለወጠውን ጥበቃ ያስረዳል።

፩. አገሩና የበረዶው ወቅት

የሐይቅ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን፣ ዙሪያው ወይና ደጋ ነው። የአምባሰል ተራራ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ዝናሙም በአንድ ወገን በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን በበሽሎ በኩል ወደ ዐባይ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ይገናኛሉ።

የበረዶ ነገር ከዚህ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ እርጥብ አየር በተራራው ጎን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መጠንም ይቀዘቅዛል። በደመናው ውስጥ ያለው ጠል ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ገና ውሃ ሆኖ ይቆይና፣ በረዷማ ቅንጣት ሲነካው በቅጽበት ይረጋበታል። ወደ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ቅንጣቱን ሊሸከም እስከ ቻለ ድረስ ውሃ በላዩ እየረጋ ይወፍራል፤ መሸከም ባቃተው ጊዜ ይወድቃል። በእኛይቱ ምድር በኩል፣ ማለት በምድር ወገብ አካባቢ፣ የዜሮ ዲግሪ ወሰን ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 እስከ 5000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። በቆላ የሚወድቀው በረዶ ከዚያ ወዲህ ረዥም ሞቃት አየር ስለሚያቋርጥ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ ዝናም ሆኖ ይደርሳል፤ በደጋው ግን መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ሳይቀልጥ ይደርሳል። በኬንያ በሚገኘው በኬሪቾ የሻይ አገርም፣ ከፍታው ከሐይቅ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓመት ከመቶ ቀን በላይ በረዶ እንደ ጣለ ተመዝግቦአል። ወገብ ምድር መሆን ከበረዶ አያድንም ማለት ነው።

የበረዶው ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው በልግ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት መግቢያ ድረስ ፀሐይና ደመና የሚፈራረቁበት ስለ ሆነ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይበዛል። ሁለተኛው የክረምቱ መግቢያና መውጫ ነው፤ በተለይም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የሚፈራ ነው። የወሎ ገበሬ ከብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ይልቅ በበልግ እህል ስለሚተማመን በዓመት ሁለት ጊዜ ያርሳል፤ ስለዚህም በዓመት ሁለት ጊዜ ይሠጋል።

፪. ስሙና የሚነገርለት

በረዶ የሚለው ቃል በግዕዝ በረድ፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛም በዚያው በበረድ ድምፅ የሚነገር የጥንት ሴማዊ ቃል ነው። በአማርኛ በረዶ ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ ረግቶ የተጋገረ ውሃም ይጠራበታል፤ ሌሊት በሣር ላይ የሚረጋው ግን አመዳይ፣ ብርዱም ውርጭ ይባላል። በጎን የሚገባው የነፋስ ዝናም ወጨፎ፣ በኃይል የሚወርደው ዶፍ፣ ቀስ ብሎ የሚወርደው ካፊያ ይባላል። እነዚህ ቃላት የቤት ክዳን ሲሠራ ጠቃሚ ናቸው፤ ክዳን ለካፊያ ሳይሆን ለዶፍ፣ ለወጨፎና ለበረዶ ታስቦ ይሠራልና።

በሐይቅና በአምባሰል ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ተጎራብቶ ስለሚያርስ፣ በረዶውም የሁለቱን ማሳ አይለይም። በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ በረዶ በፈጣሪ ትእዛዝ የሚሠራ እንጂ በራሱ የሚንቀሳቀስ ክፉ ነገር አይደለም። ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ የበረዶ መንፈስ መልካም መልአክ መሆኑን ይናገራል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም በመጀመሪያው ቀን ከተፈጠሩት መላእክት መካከል የበረዶን ይቈጥራል። በቁርአን በሱረቱ ኑር ደግሞ በረዶ አንዱን ሲመታ ሌላውን የሚያልፈው በአምላክ ፈቃድ እንደ ሆነ ተገልጧል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ እግዚኦታ ያደርሳል፤ እስላሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ሰደቃ ያወጣል፣ በወዳጃ ተሰብስቦ ይለምናል። በአማራ ደጋዎች በሰፊው እንደሚታመነው በዓል መሻር በረዶ ያመጣል፤ በዚህም ምክንያት በበዓል ቀን ያረሰ ሰው ጉዳቱ በራሱ ማሳ ብቻ የሚቀር አይደለምና በጎረቤቶቹ ይከሰሳል። በድግምት በረዶ ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተሮችም በየአገሩ ይጠቀሳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ድግምት አትቀበለውም።

ይህን ልማድ የዚህ አገር ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በአውሮፓ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በረዶ ያዘለ ደመና በመጣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 አልበርት ሽቲገር የተባለ የኦስትርያ ሰው በሽታየርማርክ አገር ወደ ደመና የሚተኰስ መድፍ አቆመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በሰሜን ኢጣልያ በሺሕ የሚቈጠሩ መድፎች ተተከሉ። የሁለቱ አገር መንግሥታት ባስደረጉት ምርመራ ግን ጥቅም እንዳልሰጠ ስለ ታወቀ ነገሩ እየቀረ ሄደ። ደመናውን ለመመለስ የተደረገው ጥረት በአውሮፓም ሆነ በኢትዮጵያ አንድ ዓይነት ጭንቀት የወለደው ነው፤ ደመናው ባይመለስ ግን የሚቀረው መከላከያ ጣሪያ ነው።

፫. የበረዶ ታሪክ ያልተጻፈበት ምክንያት

ወሎ በመከራ ታሪክ የታወቀ አገር ነው። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ክፉ ቀን፣ የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ተጽፈዋል፤ በውጭ አገርም ተሰምተዋል። በረዶ ግን ከእነዚህ መካከል ስሙ እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ የበረዶው ጉዳት ትንሽ መሆኑ ሳይሆን ስፍራው ጠባብ መሆኑ ነው። በረዶ የተሸከመ ደመና በነፋስ እየተነዳ ሲሄድ የሚመታው ምድር ረዥምና ጠባብ መስመር ነው፤ አንዱ አጥቢያ ሲወድም ማዶ ያለው አጥቢያ ዝናም ብቻ አግኝቶ ያድራል። ድርቅ አገርን በመላ ስለሚጎዳ የመንግሥት ነገር ይሆናል፤ በረዶ ግን የጥቂት ቤቶች ነገር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዜና መዋዕል ጸሐፊ አልደረሰበትም፤ የተጠበቀው በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ነው።

የሽማግሌዎች ቃል ግን ሲመረመር ትልቅ ዕውቀት ይዟል። በረዶው በእህል ይለካል፤ የሽምብራ ያኽል፣ የባቄላ ያኽል፣ የእንቁላል ያኽል ይባላል። ይህ አነጋገር ለጨዋታ ያኽል የተነገረ ቢመስልም የጉዳት ሚዛን ነው። የበረዶው ጠጠር ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ ፍጥነቱም ስለሚጨምር የምቱ ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሽምብራ ያኽል በረዶ ከአራት ሳንቲ ሜትሩ የእንቁላል ያኽል ጋር ቢነጻጸር የሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው 256 ጊዜ ይበልጣል። በዚህም ላይ የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ በረዶው ከቆላው ጥቂት ፈጠን ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ሽማግሌው የሽምብራ ያኽል ነበረ ካለ ቅጠል ተቀደደ፣ አበባ ረገፈ ማለት ነው፤ የእንቁላል ያኽል ነበረ ካለ ጣሪያና ከብት ተጎዳ ማለት ነው። በዓለም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1888 በህንድ አገር በሞራዳባድ 246 ሰው የገደለው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በባንግላዴሽ በጎፓልጋንጅ አንድ ኪሎ ያኽል የመዘነው በረዶ የዚህ ሚዛን መጨረሻ ነው።

ሁለተኛው የማስታወሻ ምልክት የእህሉ ዕድሜ ነው። በኦሪት ዘፀአት በግብፅ የወረደው በረዶ ሲነገር፣ ተልባና ገብስ እንደ ተመቱ፣ ስንዴ ግን ዘግይቶ የሚበቅል ስለ ሆነ እንደ ዳነ ተጽፏል። የአምባሰል ገበሬም ነገሩን የሚያስታውሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ገብሱ ዘለላ ይዞ ሳለ፣ ባቄላው አብቦ ሳለ፣ ጤፉ ሊታጨድ ደርሶ ሳለ ይላል። ከዚህ አነጋገር ወሩን ማውጣት ይቻላል። የእህሉ ዕድሜ የሚያስከትለውንም መፍትሔ ይወስናል። የበልጉ ገብስ ቢጠፋ በሐምሌ ጤፍ ሊዘራበት ይቻላል፤ የመስከረሙ ሰብል ቢጠፋ ግን በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ከመዝራት በቀር ብዙ ምርጫ የለም። በሁለቱም ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በቤት ውስጥ በደረቅ የተቀመጠ ዘር ነው።

፬. የሣር ክዳንና ጥበቃው

ዘሩ የሚቀመጥበት ጎታ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በቤቱ ውስጥ ይቆማል፤ ጎተራ ደግሞ በውጭ የራሱን ክዳን ለብሶ ይቆማል። የጭቃ ጎታ ከላይ ውሃ ከነካው ይርሳል፣ እህሉም ይሻግታል። ስለዚህ የቀድሞው ቤት አሠራር ዋና ጥንቃቄው በክዳኑ ላይ ነበረ።

ክቡ ቤት በመካከሉ ምሰሶ ይቆምለታል፤ ከግድግዳው ወደ ምሰሶው ጫፍ ወራጆች ይወጣሉ፤ በወራጆቹ ላይ ማገር እየተጠማዘዘ በልጥ ይታሰራል፤ በዚያ ላይ ሣር ይነጠፋል። በወይና ደጋው ሰንበሌጥ፣ በደጋው ጓሳ የታወቁ የክዳን ሣሮች ናቸው። ክደናው በደቦ ወይም በወንፈል ስለሚሠራ የአንድ ቤት ክዳን የመንደሩ ሁሉ ሥራ ነበረ።

ይህ ክዳን በረዶን የሚቋቋመው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ልስላሴው ነው፤ ስንዝር ያኽል የተነጠፈ ሣር ምቱን ውጦ ያስቀረዋል፤ ጠጠሩ ይሰምጣል እንጂ አይበሳም። ሁለተኛው ተዳፋቱ ነው። የሣር ቤት ውሃ እንዳያሰርግ ከ45 ዲግሪ ባላነሰ ተዳፋት ይሠራል፤ በረዶ በቀጥታ ሲወርድ እንዲህ ያለውን ጣሪያ የሚመታው በግማሽ ኃይሉ ብቻ ነው፤ የወደቀውም ተንከባልሎ ይወርዳል። ሦስተኛው ክቡ ቅርጹ ነው፤ በነፋስ የሚነዳ በረዶ ሙሉ ፊት አያገኝም።

ነገር ግን የሣር ክዳን ድክመት አለው። ዕድሜው ሲገፋ የላይኛው ሣር ይበሰብሳል፤ በረዶ የበሰበሰውን እየቈረጠ ሲጥለው ክዳኑ ይሳሳል፣ በሚቀጥለውም ዶፍ ማፍሰስ ይጀምራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ጉልላቱ ነው። ብዙ ጊዜ በጫፉ ላይ የሸክላ ዕቃ ይደፋበታል፤ ሸክላው በበረዶ ቢሰበር ውሃው ምሰሶውን ይዞ ወደ ቤቱ መካከል ይወርዳል። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለቤት ክረምት ሳይገባ የጉልላቱን ሣር ያድሳል፣ የሳሳውን ይደርባል፣ ከበረዶም በኋላ ወዲያው ይመረምራል።

ከዚህ በስተ ሰሜን በትግራይ የሚሠራው ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ የአፈር ክዳን ቤት ለንጽጽር ይጠቅማል። አፈሩ የበረዶን ምት ከቶ አይፈራም፤ ዳሩ ግን በረዶው ስለማይንከባለል በላዩ ተከምሮ ሲቀልጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ስለዚህ በዚያ አገር ከበረዶ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መጥረግ ያስፈልጋል። የሐይቅ ሰው የተዳፋትን፣ የትግራይ ሰው የአፈርን ጥበቃ መረጠ ማለት ነው።

፭. ቆርቆሮ ያመጣው ለውጥ

ቆርቆሮ ወደ ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ታየ። ወደ ወሎ ገጠር የገባበት በር የመኪናው መንገድ ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ጠላት ያበጀው ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚሄደው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን ስለሚያልፍ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች ቀድመው ቆርቆሮ ለበሱ፤ ገጠሩም ቀስ በቀስ ተከተለ። የእርሻ መሬት ሲሰፋና ግጦሽ ሲጠብ ረዥም ሣር እየታጣ መሄዱም ለውጡን አፋጠነው። ቆርቆሮ እሳት አይበላውም፣ በየጥቂቱ ዓመት አይታደስም፣ ንጹሕ ውሃ ያስቀዳል፤ ስለዚህ መወደዱ በከንቱ አይደለም።

ሆኖም የበረዶን ጥበቃ በተመለከተ የሣሩ ሦስት በጎነቶች አብረው አልተሻገሩም። ልስላሴው ጠፋ፤ ተዳፋቱ ወደ 15 ዲግሪ ዝቅ አለ፤ ክቡ ቤት ማዕዘን ሆነ። በ15 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የሚወርድ በረዶ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ የሚሆነውን ኃይሉን በጣሪያው ላይ ያሳርፋል። በገበያ ጌጅ በሚባለው ቍጥርም ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቍጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። ባለ 28 ጌጁ 0.4 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ባለ 35 ጌጁ የዚያ ግማሽ ያኽል ነው። ድኻው ዋጋው ስለሚቀል ስሱን ይገዛል፤ በረዶም አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው።

የቆርቆሮ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ አይታይም። አዲስ ቆርቆሮ በበረዶ ይጐደጉዳል እንጂ ወዲያው አይበሳም። ነገር ግን በጐደጐደው ስፍራ ውሃ ይቆማል፣ ልባጡ ይላጣል፣ ዝገት ይጀምራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ በረዶ ሲመጣ ዝገቱን ይበሳዋል። ሁለተኛው ጉዳት በምስማሩ ዙሪያ ነው፤ ጣሪያው በምት ሲንቀጠቀጥ ምስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሦስተኛው ከምቱ በኋላ የሚመጣው ነው፤ በረዶው በአሸንዳው ውስጥ ተከምሮ የዝናሙን መውረጃ ሲዘጋው ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ ሥር ይገባል። የሚወርደውም በግድግዳው ሥር ተከምሮ ሲቀልጥ የጭቃውን ምርግ ያርሰዋል።

፮. ቤትን ከበረዶ ስለ መጠበቅ

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው ትምህርት የሣሩን ጥበብ በቆርቆሮው ላይ መድገም ይገባል የሚል ነው።

አንደኛ፣ ተዳፋቱን ከፍ ማድረግ ነው። እንጨቱ ጥቂት ይጨምራል፤ ነገር ግን የምቱ ኃይል ይቀንሳል፣ በረዶውም ይንከባለላል። ሁለተኛ፣ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ ወፍራሙን ቆርቆሮ መምረጥ ነው፤ ለሁሉ ባይዳረስ እንኳ ዘርና እህል በሚቀመጥበት ክፍል ላይ፣ ነፋስ በሚያመጣውም ወገን ላይ እርሱን ማድረግ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ሞራሌው ከአንድ ሜትር ሳይራራቅ እንዲመታ፣ ምስማሩም የጎማ ማጠቢያ ለብሶ በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ስርጕድ ላይ እንዳይመታ መጠንቀቅ ነው። አራተኛ፣ ቆርቆሮው ሲደራረብ በጎን ከአንድ ሞገድ በላይ፣ በርዝመቱ ስንዝር ያኽል እንዲደራረብና አፉ ከነፋሱ እንዲዞር ማድረግ ነው። አምስተኛ፣ ክፈፉን ከግድግዳው አርቆ ማውጣትና በሥሩ ቦይ መቅደድ ነው።

ከበረዶ በኋላ ደግሞ ሥራው ወዲያው መጀመር አለበት። አሸንዳው ይጠረጋል፤ በግድግዳው ሥር የተከመረው ሳይቀልጥ ይዛቃል፤ በቤት ውስጥ ሆኖ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለጋል፤ የላላው ምስማር ይጠብቃል፤ ቀዳዳው በሬንጅ ወይም በቁራጭ ቆርቆሮ ይደፈናል፤ ልባጡ የተላጠው ቀለም ይቀባል። በጣሪያው ላይ ድንጋይ መጫን ለነፋስ ቢረዳም ቆርቆሮውን ስለሚያጐደጉድና እርጥበት ስለሚይዝ በጥሩ ምስማር ቢተካ ይሻላል። ጎታውም በቀጥታ ከመጋጠሚያ ሥር እንዳይቆም፣ ከወለሉም በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ እንዲል ማድረግ የመጨረሻው መከላከያ ነው።

በዚህ ሁሉ የማይረሳ አንድ ነገር አለ። የሣር ክዳን በደቦ የሚሠራ ስለ ነበረ የተጎዳ ቤት በጎረቤት ጉልበት በጥቂት ቀን ይከደን ነበር፤ ሣሩም ከምድሩ የሚታጨድ ነበረ። ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ይገዛል፤ በረዶ ሰብሉን የወሰደበት ሰው ደግሞ ገንዘብ የሌለው በዚያው ቀን ነው። ጉልበት የሚያዋጣው መንደር እንዳለ ነው፤ የጎደለው ጥሬ ገንዘቡ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሰው ሲሞት ለመቅበርና ኀዘንተኛን ለመርዳት የቆመ ቢሆንም፣ ክርስቲያኑንና እስላሙን በየመንደሩ የሚያስተባብር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቆርቆሮና ምስማር አስቀድሞ ቢያኖር የቀድሞውን ደቦ በአዲሱ ክዳን ላይ ሊያስቀጥል የሚችል እርሱ ነው።

ለተማሪዎችና ለመርማሪዎችም የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የበረዶው መጠን በየትኛው እህል እንደ ተለካ፣ ሰብሉ በምን ዕድሜ ላይ እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ወገን እንደ መጣና በየትኛው አጥቢያ እንደ ቆመ፣ ክዳኑም ምን እንደ ነበረ አጥቢያ በአጥቢያ ተጠይቆ ቢጻፍ፣ ዜና መዋዕል ያልያዘው ታሪክ መልክ ያገኛል። ክደና የሚያውቁ ሽማግሌዎች ቍጥራቸው ከሣር ቤቶቹ ጋር እየቀነሰ ነው፤ የተዳፋቱን ልክና የሣሩን ውፍረት በእጃቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህ ዕውቀት የሚፈለገው የሣር ቤትን ለመመለስ ሳይሆን፣ በቆርቆሮ ሥር ያለው ዘር በደረቅ እንዲያድር ነው።